ቶማስም ከእነርሱ ጋር ነበረ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን ለዓመታት አንብቤያለሁ፤ ደብዳቤ ስጽፍላችሁ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ያነሳሳኝ በእምነት ዓምዳችሁ ላይ በቅርቡ ያወጣችሁት ስለ ጥርጣሬ የሚያወራ ጽሑፍ ነው። ጸሐፊው ጥርጣሬ የነፍስ በሽታ ነው ይላሉ። ያደረበት ሰው ወደ ሌላው እንዳያጋባ አፉን ይዝጋ፣ እስኪያልፍለትም ዝም ብሎ ይጸልይ ይላሉ። ለማስጠንቀቂያ ያቀረቡት ደግሞ ሐዋርያው ቶማስን ነው።

ጸሐፊው ለሰው ነፍስ ተጨንቀው እንደጻፉ ያስታውቃል፤ አከብራቸዋለሁ። ግን «አፉን ይዝጋ» የምትለዋ ቃል ከሐሳቤ አልወጣ አለች። እኔ አፌን ዘግቼ አራት ዓመት ኖሬያለሁ። የምጽፈውም ዝምታው ሰውን ምን እንደሚያደርገው በራሴ ስላየሁት ነው።

አዋላጅ ነርስ ነኝ። በሥራው ላይ 19 ዓመት ሆኖኛል። ስንት ልጅ እንዳዋለድኩ መቁጠር ካቆምኩ ቆየሁ። ያደግኩት በሚጸለይበት ቤት ነው። እናቴ ማታ ማታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ከእግዚአብሔር ጋር ታወራ ነበር። የቀኑን ወሬ ሁሉ ትነግረዋለች። ማን እንደታመመ፣ ማን እንዳስቀየማት፣ እኔ ፈተና ስንት እንዳመጣሁ። ልጅ ሳለሁ እሱ አለ ወይ ብዬ ጠይቄ አላውቅም። እናቴ እንዲህ እያወራችው የሚሰማት የለም ብሎ ማሰብ እንዴት ይቻላል?

አንድ ሌሊት ልንገራችሁ።

ሥራ በያዝኩ በስድስተኛው ዓመት ነው። የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ጎን ለጎን ባሉ ሁለት ክፍሎች ሁለት እናቶች ምጥ ላይ ናቸው። አንደኛዋ ልጅ አጥታ ዘጠኝ ዓመት የለመነች ሴት ናት። ባሏ ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል። ምጡ ሲጠናባት የምትጠራው እግዚአብሔርን ብቻ ነበር። ሁለተኛዋ ራሷ ገና ልጅ ናት፤ አሥራ ሰባት ዓመቷ። አብሯት የመጣ ሰው የለም። እርግዝናውን አልፈለገችውም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ «ምነው ባይወለድ» ትላለች፤ ደጋግማ፣ በቀስታ።

የልጅቷ ልጅ ቀድሞ ተወለደ። ገና ከመውጣቱ ጮኸ። እኛ አዋላጆች አዲስ የተወለደን ልጅ በአንደኛው ደቂቃና በአምስተኛው ደቂቃ ላይ ነጥብ እንሰጠዋለን። ቨርጂኒያ አፕጋር የተባሉ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1953 ያሳተሙት መለኪያ ነው። መልኩ፣ የልብ ምቱ፣ ሲነኩት የሚሰጠው ምላሽ፣ የጡንቻው ጥንካሬና ትንፋሹ ይታያል። እያንዳንዱ እስከ ሁለት ይያዝለታል፤ ድምሩ ከአሥር ነው። ያ ልጅ ዘጠኝ አገኘ።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ በወዲያኛው ክፍል የፅንሱ የልብ ምት ድንገት ወረደ። ሐኪም ተጠራ። መደረግ ያለበት ሁሉ ተደረገ። ልጁ ሲወለድ አልተነፈሰም። ከአንገቱ ቀና አድርጌ በአምቡ ባግ፣ በእጅ በሚጫኑት የአየር ከረጢት፣ አየር ሰጠሁት። ደረቱ ይነሳል፣ ይወርዳል። እኔ ስጫነው ብቻ። 20 ደቂቃ ሞከርን። ከዚያ ሐኪሙ እጄን ያዘኝ።

እትብቱን ሳየው ቋጠሮ አለበት። እንዲህ ያለው ቋጠሮ ከመቶ እርግዝና በአንዱ ገደማ ይገኛል። ልጁ ገና ትንሽ ሳለ፣ ማሕፀኑ ሰፍቶለት ሲገላበጥ፣ በራሱ እትብት ቀለበት ውስጥ ሾልኮ ያልፋል። አብዛኞቹ ልጆች ቋጠሮው እያለባቸው ምንም ሳይሆኑ ይወለዳሉ። ይሄኛው ምጥ ሲመጣ ጠበቀ። ይህን ማሰብ እስካሁን ይከብደኛል። ልጁ የተጫወተበት ነገር ነው የገደለው።

አጥቤ፣ ጠቅልዬ፣ ለእናቱ ሰጠኋት። ከዚያ እንደማንኛውም ሰው፣ እንደተማርኩት፣ «አይዞሽ፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። አልጮኸችም። አልተቆጣችም። «እርግጠኛ ነሽ ሲስተር?» አለችኝ።

ልትሞግተኝ አልነበረም። የምር ማወቅ ፈልጋ ነው። እኔ ከነገርኳት በዚያው ልትይዘው ነበር። ዓይኔን ሰበርኩ። በግድግዳው በኩል የዚያኛው ልጅ ለቅሶ ይሰማል። እሷም ትሰማዋለች። ሁለታችንም እየሰማን ዝም አልን።

ጠዋት ተረኛ ስንለዋወጥ በሁለተኛው ክፍል በር አለፍኩ። ልጅቷ ከግድግዳው ዞራለች። አንድ ጣቷን ለሕፃኑ ሰጥታው፣ ሕፃኑ ጭብጥ አድርጎ ይዟታል። ትንፋሿን ውጣ ታየዋለች። አዲስ የተወለደ ልጅ መዳፉን የነካውን ሁሉ ይጨብጣል፤ ሪፍሌክስ ነው። ብዕርም ብትሰጡት ይይዛል። ይህን አውቃለሁ፤ ለተማሪዎችም አስተምራለሁ። ግን ያን ጠዋት እግሬ አልንቀሳቀስ አለኝ። በአንዱ ክፍል ያየሁትና በሌላው ያየሁት ከአንድ እጅ የመጡ ናቸው ብዬ ማመን አቃተኝ። ከማንም እጅ አልመጡም ብዬ ማመንም አቃተኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉት አራት ዓመታት ናቸው እንግዲህ። ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄዴን አልተውኩም። የምቀመጠው በሩ አጠገብ ነበር። አብሬ እዘምራለሁ፤ አፌ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። አንድ ጊዜ አንድ የሃይማኖት መምህር ዘንድ ሄጄ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። በደግነት ነው የሰሙኝ። ከዚያ «ልጄ፣ ይህ ሐሳብ ያንቺ አይደለም፤ የጠላት ነው። ለማንም አትንገሪ» አሉኝ። እኔም ለማንም አልነገርኩም።

የጋዜጣችሁ ጸሐፊ እንዲያውቁልኝ የምፈልገው ይህንን ነው። ዝም ስላልኩ ጥርጣሬው አልሞተም። ውስጥ ውስጡን አደገ። የሚያምኑ ሰዎችን ደስታ ሳይ እንደ ውሸት ይታየኝ ጀመር። ምስክርነት የምትሰጥ ሴት ሳይ እናደዳለሁ፤ እሷ ምንም ሳታደርገኝ። ከሁሉ የከፋው ግን ሥራ ቦታ ነው። ልጃቸው ለሞተባቸው እናቶች ያንኑ ቃል መናገሬን ቀጠልኩ። «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው።» ሌላ የምለው አልነበረኝም። አንዷ ሴት ጥያቄውን ከጠየቀችኝ ወዲህ ቃሉን እንደማላምንበት አውቃለሁ፤ ግን እለዋለሁ። ጥርጣሬ ሐሰተኛ አላደረገኝም። ሐሰተኛ ያደረገኝ ጥርጣሬዬን መደበቄ ነው።

ያወጣችኝ እናቴ ናት። አንድ ምሽት ሁለታችን ብቻ ነበርን። እንደ ልማዷ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። «እማዬ፣ የሚሰማሽ ይመስልሻል?» አልኳት። ለምን እንደጠየቅኩ እንጃ፤ አፌ ላይ መጣ። ትደነግጣለች ብዬ ነበር። ዝም ብላ ቆየችና «አባትሽ የሞተ ጊዜ ሁለት ዓመት አላናገርኩትም» አለችኝ።

«ማንን?»

«እሱን ነዋ። ተኳርፈን ነበር። ቁጭ እላለሁ፣ አንድ ቃል አልነግረውም። አንቺ ትንሽ ነበርሽ፤ የጸለይኩ ይመስልሽ ነበር።»

«ታዲያ እንዴት ታረቃችሁ?»

«ታረቅን ወይ? እንጃ።» ትንሽ አሰበች። «ግን ልጄ፣ ሰው የሚያኮርፈው ያለውን ነው። የሌለውን ማን ያኮርፋል? ይህ ሲገባኝ ተመልሼ ማውራት ጀመርኩ። መጀመሪያ የነገርኩትም እንዳዘንኩበት ነው።»

እኔ ያን ሁሉ ዘመን የእሷን እምነት አይቼ የራሴን ስንቅ ነበር። የእኔ እናት ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ብላ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች! ቦታዋን ግን አልለቀቀችም። ያን ቀን ብትነግረኝ ኖሮ፣ ገና ልጅ እያለሁ፣ ስንት ነገር ይቀልልኝ እንደነበር አስባለሁ። እሷም ለማንም እንዳትነግር የመከሯት ሰዎች ነበሩ።

አሁን ወደ ቶማስ ልመለስ። ስሙ እንዲህ ለመጥፎ ምሳሌነት ሲነሳ አዝናለሁ። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 20 ላይ ያለውን ረጋ ብሎ ያነበበ ሰው የሚያየው ነገር አለ። ጌታ መጀመሪያ ሲገለጥ ቶማስ አልነበረም። ለሌሎቹ እጆቹንና ጎኑን አሳያቸው፤ እነርሱም አይተው ደስ አላቸው። ቶማስ የጠየቀው እነርሱ ካዩት የተለየ አይደለም። ደግሞ ፈሪ ሰው አልነበረም። በምዕራፍ 11 ላይ፣ ሌሎቹ ወደ ይሁዳ መመለስን ሲፈሩ፣ «ከእርሱ ጋር እንሞት ዘንድ እንሂድ» ያለው ቶማስ ነው። እንዲህ የወደደ ሰው ነው የተጠራጠረው። አብሮት ሊሞት የነበረው ሞቷል። በወሬ ሊጽናና አልፈለገም።

ከሁሉ የገረመኝ ግን አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ናት። ብዙ ጊዜ አልፌያት ነበር። ከስምንት ቀን በኋላ ደቀ መዛሙርቱ ደግመው በውስጥ ነበሩ ይልና «ቶማስም ከእነርሱ ጋር ነበረ» ይላል። ስምንት ቀን! አሥሩ አይተናል ይላሉ፤ አንዱ አላምንም ይላል። ግን አብረው አንድ ቤት ውስጥ ነበሩ። አላባረሩትም። እሱም ትቷቸው አልሄደም። አፍህን ዝጋ እንዳሉት አልተጻፈም። እንዲያውም የተናገረው ቃል በቃል ተጽፎ እኛ ጋ የደረሰው ጮክ ብሎ ስለተናገረው ነው።

«ሳያዩ የሚያምኑ ብፁዓን ናቸው» የሚለውን አልረሳሁም። ጸሐፊውም ጠቅሰውታል። እውነት ነው፤ ብፁዓን ናቸው። እናቴ ከነኩርፊያዋ ከእነርሱ አንዷ ትመስለኛለች። ግን ይህ ቃል የተነገረው ጌታ ለቶማስ ከመጣ በኋላ፣ ጣትህን አምጣ ካለው በኋላ ነው። ቀድሞ አልተነገረውም።

መጥምቁ ዮሐንስስ? እኔ በሥራዬ ምክንያት ዮሐንስን በተለየ ነው የማስበው። በሉቃስ ወንጌል በእናቱ ማሕፀን ሳለ በደስታ የዘለለው ፅንስ እሱ ነው። ገና ሳይወለድ ያወቀ ሰው! በኋላ ግን እስር ቤት ሆኖ ደቀ መዛሙርቱን ልኮ «የሚመጣው አንተ ነህን? ወይስ ሌላ እንጠብቅ?» ብሎ ያስጠይቃል። ጌታ አልተቆጣውም። ያያችሁትንና የሰማችሁትን ንገሩት ብሎ ሰደዳቸው። መልእክተኞቹ ሲሄዱ ደግሞ ለሕዝቡ፣ ከሴቶች ከተወለዱት መካከል ከዮሐንስ የሚበልጥ አልተነሣም አለ። ይህን ያለው ዮሐንስ በጠየቀበት በዚያው ቀን ነው። ከሴቶች የተወለዱትን በየቀኑ የምቀበል ሰው ስለሆንኩ ይሆናል፣ ይህን ቦታ ሳነብ ሁሌም አለቅሳለሁ።

የኢዮብን መጽሐፍ መጨረሻም ተመልከቱልኝ። ኢዮብ ከእግዚአብሔር ጋር ተሟግቷል፤ የተወለደበትን ቀን ረግሟል። ወዳጆቹ ደግሞ ስለ እግዚአብሔር ሲከራከሩ፣ ለሁሉም ነገር ምክንያት ሲሰጡ ነው የቆዩት። በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በወዳጆቹ ላይ ነው። እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ቅን ነገርን ስለ እኔ አልተናገራችሁም አላቸው። ይህን ሳነብ የራሴ ቃል ትዝ አለኝ። «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ያልኩት እኔ የኢዮብ ወዳጅ ነበርኩ። «እርግጠኛ ነሽ?» ያለችኝ ሴት ናት ኢዮብ።

አንባቢ ታዲያ አሁን ታምኛለሽ ወይ ይለኝ ይሆናል። መልሱ አጭር አይደለም። ሥራዬን ላስረዳችሁና ፍረዱ።

ማሕፀን ውስጥ ያለ ልጅ አይተነፍስም። ሳንባው በፈሳሽ የተሞላ ነው። ኦክስጅን የሚያገኘው ከእንግዴ ልጁ በእትብቱ በኩል ነው። ስለዚህ ደሙ ወደ ሳንባ መሄድ ብዙም አያስፈልገውም። ልቡ ውስጥ፣ በሁለቱ የላይኛ ክፍሎች መካከል፣ ትንሽ በር አለች። ደሙ ሳንባውን ትቶ በእሷ ያልፋል። ልጁ ተወልዶ የመጀመሪያውን አየር ሲስብ ሳንባው ይከፈታል፤ ደም ወደ ሳንባው ይጎርፋል፤ በግራ በኩል ያለው ግፊት ይጨምርና የበሯን መዝጊያ ይገፋዋል። በሯ ትዘጋለች። ዘጠኝ ወር ክፍት የነበረች በር በጥቂት ትንፋሽ! እኔ ውጭ ቆሜ የማየው ሰማያዊ የነበረው ልጅ ከደረቱ ጀምሮ እየቀላ ሲመጣ ነው። 19 ዓመት አይቼዋለሁ። አንድም ቀን አልለመድኩትም።

እናት ሆድ ላይ ፌቶስኮፑን፣ የፅንሱን የልብ ምት ማዳመጫ፣ አስቀምጬ ጆሮዬን ስደግፍ ደግሞ ሌላ ነው። አሁን ማሽን አለ፤ ለእኔ ግን ያ ቀንድ የሚመስለው ነገር ይሻለኛል። ክፍሉ ሁሉ ዝም ማለት አለበት። መጀመሪያ ምንም አይሰማም። ከዚያ የእናትየዋ ደም ይሰማል፤ እሱ ዝግ ያለ ነው። ከእሱ ሥር፣ በጣም ርቆ፣ ሌላ ነገር አለ። ፈጣን ነው። በደቂቃ ከ110 እስከ 160። ኤልያስ በኮሬብ ተራራ ላይ እግዚአብሔርን በነፋሱ አላገኘውም፣ በምድር መናወጡ አላገኘውም፣ በእሳቱም አላገኘውም፤ ከእሳቱ በኋላ «ትንሽ የዝምታ ድምፅ» ሆነ ይላል። እኔ ይህን ጥቅስ የተረዳሁት በጆሮዬ ነው። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለ አውቃለሁ። ካልተጎነበሱ አይሰማም።

ግን ልዋሽ አልፈልግም። መደነቄ ማስረጃ አይደለም። ልብን እንዲህ አድርጎ የሠራ ካለ፣ ቋጠሮውስ? ያች በር በትክክል ሳትሠራ ቀርታ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ልጆችም አሉ። አንዱን ይዤ ሌላውን ልደብቅ አልችልም። ዦርዥ ለሜትር የተባለውን ቤልጂየማዊ ስለዚህ ነው የምወደው። ቄስ ነበር፤ የፊዚክስ ሊቅም ነበር። አጽናፈ ዓለም እየሰፋ እንደሚሄድ እ.ኤ.አ. በ1927 የጻፈው፣ ቆይቶም ሁሉ ነገር ከአንዲት መነሻ እንደጀመረ ያሰበው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 የሮማው ጳጳስ ይህን ግኝት ለፍጥረት ምስክር አድርገው ሲናገሩ ለሜትር ደስ አላለውም። ሳይንሱን ለእምነት ማስረጃ አታድርጉት ነበር አሳቡ። ጠዋት የሚቀድስ ሰው እኮ ነው! አምላኩን በሒሳቡ ላይ ማንጠልጠል አልፈለገም። እኔም አምላኬን በዚያች ትንሽ በር ላይ አላንጠለጥልም። በሯ ስትዘጋ ግን አመሰግናለሁ። ማንን እንደማመሰግን ሁልጊዜ ሳላውቅም አመሰግናለሁ።

ደግሞ አንድ የማይረሳኝ ነገር፤ ከአራት አዋቂ ሰዎች በአንዱ ገደማ ያች በር ፈጽማ አትታተምም። መዝጊያው ይገጥማል እንጂ አይጣበቅም። አብዛኞቹ ሳያውቁት ዕድሜያቸውን ይኖራሉ። ልባቸው ይመታል፣ ያገባሉ፣ ይወልዳሉ፣ ያረጃሉ።

ማዘር ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1997 ካረፉ ከአሥር ዓመት በኋላ ለንስሐ አባቶቻቸው የጻፏቸው ደብዳቤዎች ታትመው ወጡ። ወደ ሃምሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በጸሎታቸው ውስጥ ጨለማና ባዶነት ብቻ ይሰማቸው እንደነበር ጽፈዋል። ደብዳቤዎቹ እንዲቃጠሉ ለምነው ነበር። የተቀበሏቸው ሰዎች ግን አስቀመጧቸው። ስለዚህ ነገር ሳነብ እኚህ ሴት በየቀኑ የሞት አፋፍ ላይ ያሉ ሰዎችን ሲያጥቡ፣ በየቀኑም ለመጸለይ ሲቀመጡ አሰብኳቸው። ደብዳቤዎቹ ቢቃጠሉ ኖሮ እንደኔ ያለው ሰው ብቻውን ይቀር ነበር።

አሁን የምጸልየው አንድ ጸሎት ነው። የራሴ አይደለም። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ላይ የታመመ ልጁን ይዞ የመጣ አባት አለ። «ቢቻልህ» ብሎ ነው የጀመረው። ከዚያ «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ጮኸ። ሁለቱም በአንድ ትንፋሽ። መጀመሪያ አለማመንህን ጨርሰህ ና አልተባለም። ልጁ ዳነ። ወደ ሥራ ስገባ ጓንቴን እያደረግኩ ይህን እላለሁ። አንዳንድ ቀን የመጀመሪያው ቃል ይከብደኛል፤ አንዳንድ ቀን ሁለተኛው። መልስ የመጣልኝ ቀን የለም ማለት ይቻላል። ግን ከሰው ጋር እንደምቀመጠው ከእሱ ጋር እቀመጣለሁ፤ የእናቴን ቦታ ይዤ።

ሥራዬ ላይ የተቀየረ ነገር አለ። ልጇ ለሞተባት እናት ፈቃዱ ነው አልልም። ልጁን አጥቤ እሰጣታለሁ። ስም አውጥታለት እንደሆነ እጠይቃለሁ፤ ካወጣች በስሙ እጠራዋለሁ። ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ። ለምን ብላ ከጠየቀችኝ አላውቅም እላለሁ። ይህን ስል ከእምነት የራቅኩ አይመስለኝም። እንዲያውም ያኔ ነው የምቀርበው።

አንድ ልመና አለኝ። ይህን ዓምድ ለሚጽፉት ሰውም፣ ለእናንተም። ገና በስምንቱ ቀን ውስጥ ላሉ ሰዎችም ቦታ ስጧቸው። ከጨለማው ወጥተው የሚመሰክሩትን ብቻ አታትሙ። ጥያቄያቸውን ይዘው በሩ አጠገብ የተቀመጡ ብዙ ናቸው። የሚሄዱት ስለጠየቁ አይደለም። ጠይቀው ዝም በሉ ስለተባሉ ነው። ልጆቻችሁም ጠይቀዋችሁ ይሆናል። እንደ እናቴ ኩርፊያችሁን ንገሯቸው። ሳይረፍድ ንገሯቸው።

በመጨረሻ ለአንዲት ሰው ነው። ጋዜጣ ታነቢ እንደሆነ አላውቅም። 13 ዓመት አልፏል። የዚያን ሌሊት ጠይቀሽኝ ነበር። አይ፣ እርግጠኛ አልነበርኩም። ማለት አልነበረብኝም፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። ልጅሽን አልረሳሁትም። ፀጉሩ ብዙ ነበር፣ ጥቁር፤ ሳጥበው ግንባሩ ላይ ይተኛ ነበር።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት አዋላጅ ነርስ
(ስሜና አድራሻዬ በዝግጅት ክፍሉ ዘንድ ይታወቃል)